የአያት ቤት እንዴት ይታደሳል? ስለ ጎጃም አሮጌ የጭቃ ቤቶች ማብራሪያ

በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳንግላና በቡሬ የቆዩ ሰፈሮች ብዙ ክረምት ያለፈባቸው የጭቃ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የመኳንንት እልፍኝ የነበሩ አሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ሣር ክዳናቸው ወርዶ ቆርቆሮ የለበሱም አሉ። የዛሬው ቤተሰብ ግን መታጠቢያ ቤት ይፈልጋል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይፈልጋል፣ ልጆች የሚያጠኑበት ብርሃን ያለው ክፍል ይፈልጋል። ያኔ ከጎረቤትም ከግንበኛም ሁለት ምክር ይሰማል፦ «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራ» ወይም «በሲሚንቶ ልሰነው»። ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ቤቱ የታደሰ መስሎ ከውስጥ መበስበስ የሚጀምረው በእሱ ነውና። ይህ ጽሑፍ ለምን እንዲህ እንደሚሆንና ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢሄድ ቤቱ እንደሚተርፍ ያስረዳል።

የጭቃ ቤት የሚቆመው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጣራውን የተሸከመው ጭቃው ይመስለዋል። ጣራውን የተሸከመው እንጨቱ ነው። መሬት ውስጥ ተቀብረው ቀጥ ብለው የሚቆሙት እንጨቶች ቋሚ ይባላሉ። በቋሚዎቹ ላይ ከውስጥም ከውጭም አግድም የሚታሰሩት ማገር ናቸው። በመካከላቸው የሚሞላውና ላያቸው ላይ የሚለጠፈው በጭድ የተቦካ ጭቃ ምርጊት ይባላል። ጣራውን የሚሸከሙት ዘንበል ያሉት እንጨቶች ደግሞ ወራጅ ናቸው።

ጭቃው ራሱን የቻለ ሥራ አለው። ነፋስ ይከላከላል፣ የቀን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእንጨቱ እርጥበት እየመጠጠ ወደ ውጭ ያስወጣል። በደረቅ ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ የጥድ ወይም የወይራ ቋሚ ብዙ ትውልድ ያሳልፋል። የዱሮ አናጢዎች ለቋሚ እነዚህን ሁለቱን የመረጡት ልባቸው ብስባሴንና ምስጥን ስለሚቋቋም ነው። በቅርብ ጊዜ የተተካ የባሕር ዛፍ አጣና ግን፣ በተለይ ለጋ ሆኖ ከተቆረጠ፣ መሬት ሲነካ ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ አሮጌው እንጨት «አርጅቷል» ተብሎ አይጣል። ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሁሉ ጤነኛው ክፍል እሱ ነው።

ታዲያ ሲሚንቶ ምን ያጠፋል?

የጭቃ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያስገባል፣ ያስወጣል። ከመሬት ወደ ላይ ይስባል፣ ከዝናብ ፍንጣቂ ይቀበላል፣ ከሰው ትንፋሽና ከማብሰያ እንፋሎት ይወስዳል፤ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉንም ይመልሳል። በሲሚንቶ ሲለሰን መግቢያው ይቀራል፣ መውጫው ይዘጋል። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲታሰር እንደሚያልበውና እንደሚሻግተው ሁሉ ግድግዳውም ከልስኑ ጀርባ ይረጥባል።

ሌላም ችግር አለ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ እሱ አይለጠጥም። ሁለቱ አብረው ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ከስር የወንፊት ሽቦ ቢመታበትም ለውጥ የለውም፤ ሽቦው ዝጎ ልስኑን ይገፋዋል። ችግሩ ከውጭ የሚታየው ልስኑ ሆድ አውጥቶ በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። በዚያን ጊዜ የቋሚው እግር ምናልባት አልቋል።

ከወለል እስከ ወገብ ድረስ ከውስጥ የሚቀባው የዘይት ቀለምም ያው ነው። ለማጽዳት ይመቻል፣ ግን እርጥበቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከቀለሙ ጠርዝ በላይ የሚታየው ነጭ ጨውና የሚረግፈው ምርጊት ከዚህ የመጣ ነው።

ከመንካት በፊት ምን ይታይ?

የመጀመሪያው ምርመራ የቋሚዎቹ እግር ነው። እንጨት በጣም የሚበሰብሰው ከመሬት ወለል በላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከወለሉ በታች 20 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ነው፤ እርጥበትም አየርም የሚገናኙት እዚያ ላይ ስለሆነ። ከእያንዳንዱ ቋሚ ስር ጭቃው ትንሽ ይነሳና በካቻቪቴ ወይም በወስፌ ይወጋል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ችግር ከገባ እግሩ ተበልቷል። በግድግዳ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ካለ ምስጥ ነው፤ ከእንጨቱ ቀዳዳ ደቃቅ ዱቄት የሚወርድ ከሆነ ነቀዝ ነው። ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ በንድፍ ላይ «ደህና»፣ «ግማሽ»፣ «ያለቀ» ብሎ መመዝገብ በኋላ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። በቋሚው ልክ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የጭቃው መድረቅ ብቻ ነው። ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ከቤቱ አንድ ጎን መስመጡን ይናገራል። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ አግድም የሚሄድና ሆድ ያወጣ ግድግዳ ደግሞ የታችኛው ክፍል በውሃ መላሸቁን ያሳያል።

የምሥራቅ ጎጃም ሜዳ አብዛኛው ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ስንጥቅ የሚከፈተውና የሚዘጋው በየወቅቱ ስለሆነ በአንድ ቀን እይታ አይፈረድበትም። ቀጭን የመስተዋት ቁራጭ በጀሶ ስንጥቁ ላይ ተሻግሮ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። መስተዋቱ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ መጠበቅ የቸኮለን ሰው ያበሳጫል፤ ነገር ግን እየሄደ ባለ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ወጪ ሁሉ ይፈርሳል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ግድግዳ መክፈት፣ ክፍል መጨመርና ጣራ መለወጥ ከመጀመሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ይጠየቃል። በዚያው ይዞታው በከተማው ፕላን መንገድ ወይም የኮሪደር ልማት ይነካው እንደሆነ ይጣራ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይሻል፤ ጥያቄው በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ይጀመራል። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ አንዳንድ ታሪካዊ ቤቶች የቀበሌ ቤት ናቸው። ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ቢያድስ ወጪውን የሚመልስለት የለም።

የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው?

ውሃን ከቤቱ ማራቅ ነው። ከዚህ በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ ሁሉ ያለ ቦታው ነው።

የደብረ ማርቆስ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ስለዚህ 8 በ10 ሜትር የሆነ ጣራ በዓመት 100,000 ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ በግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል፤ መሬት ላይ ተፈናጥሮም የታችኛውን ግማሽ ሜትር ይበላዋል።

የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ 80 ቢሆን ይሻላል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እንዲያዘነብል ይታሰር። እንዲህ ላለ ጣራ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መውረጃዎች ያስፈልጉታል፤ መውረጃውም ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ ወደ ቦይ ወይም ወደ ታንከር ይድረስ።

ቀጥሎ የግቢው አፈር ነው። በየዓመቱ ጠረጋው፣ አመዱና የአበባ አፈሩ እየተከመረ በብዙ አሮጌ ቤቶች የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል በልጧል። ይህ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል፤ የውጭው መሬት ከውስጡ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ከግድግዳውም ሲርቅ በሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ርቆ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈርና ወደ ታች ይመራ። ቦይ ግድግዳው ስር ተጠግቶ አይቆፈርም፤ ቋሚው የያዘው አፈር ይናዳል። በግድግዳው ዙሪያ የሲሚንቶ መረማመጃ መሥራትም የተለመደ ስሕተት ነው። በመረማመጃውና በግድግዳው መካከል ክፍተት መፈጠሩ አይቀርም፤ የገባው ውሃም መውጫ አያገኝም። በእሱ ፈንታ ጠጠር ይፈሰስ።

የበሰበሰ ቋሚ እንዴት ይተካል?

ቋሚውን ሙሉ በሙሉ መንቀል አያስፈልግም። የበሰበሰው እግሩ ስለሆነ እግሩ ብቻ ይቆረጣል፤ ቦታውንም ድንጋይና ኮንክሪት ይይዘዋል።

ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ቤቱ ነፋስን የተቋቋመው ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ስለተቀበሩ ነው። እግራቸው ሲቆረጥ ቤቱ ወደ ጎን የመዘንበል አቅም ያገኛል። ስለዚህ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት በአራቱም ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ እንጨት በቡሎን ይታሰር። ይህን የዘለሉ ሰዎች ቤታቸው በመጀመሪያው የግንቦት ነፋስ አዝምሞ ያገኙታል።

በቋሚዎቹ አናት ላይ በሚያልፈው አግዳሚ ስር ድጋፍ ይቆማል፤ በድጋፉ ስር ጣውላ ይነጠፍና በሽብልቅ ወይም በመኪና ክሪክ ቀስ ተብሎ ይጠበቃል። ዓላማው ክብደቱን መቀበል ብቻ ስለሆነ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ አይነሳም። የሰመጠ ቤት በአንድ ቀን ላቃና ማለት ምርጊቱን ሁሉ ያረግፋል።

ከዚያ በቋሚው ዙሪያ ያለው ጭቃ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይነሳና የበሰበሰው ክፍል ከነ15 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ይቆረጣል። ከስሩ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ እስከ ጠንካራ አፈር ድረስ ይቆፈራል፤ በቀይ አፈር 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ በዋልካ ግን ከ1 ሜትር የበለጠ ጥልቀት መውረድ ያስፈልጋል። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ሆኖ የተቦካ ኮንክሪት ይሞላል፤ ራሱ ከውጭው መሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እስከተቆረጠው እንጨት ድረስ ይነሳል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበሩበታል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ ቀርቶ ቋሚውን ከሁለት ጎን ያቅፈዋል። 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ከቆየ በኋላ ብረቱና እንጨቱ በሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይያያዛሉ፤ ድጋፉም ቀስ ብሎ ይለቀቃል።

እንጨቱን ኮንክሪት ውስጥ መቅበር አይገባም። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱ ውሃ ያቁራል፣ አዲሱ እግር ከአሮጌው ቀድሞ ይበሰብሳል። ሥራው የሚሄደው አንድ በአንድ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይነኩም። አዲስ ጥድ ወይም ወይራ ካስፈለገ ሀገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥምና ከፈረሱ ቤቶች የወጣ አሮጌ እንጨት መግዛት ይሻላል፤ ደርቆ ያለቀ ስለሆነ አይጣመምም።

ቋሚዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ በመካከላቸው ያለው የግድግዳ እግር፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ በድንጋይ ይገነባል። ይህም በአንድ ጊዜ 1 ሜትር ብቻ እየተከፈተ ነው። በድንጋዩና በጭቃው መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ቢነጠፍ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት እዚያው ይቆማል።

ግድግዳው በምን ይመረግ?

አሮጌ የሲሚንቶ ልስን ካለ በ50 ሴንቲ ሜትር ካሬ እየተቆረጠ ይነሳል፤ በአንድ ጊዜ ቢነቀል ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ግድግዳው ቢያንስ ለሁለት ወር በበጋ አየር ይድረቅ።

ለምርጊት ዋልካ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይተረተራል። ቀይ አፈር ይመረጣል። አፈሩን ለመለየት በጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨመርና በውሃ ተመትቶ ይቀመጣል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ይቆያል። አሸዋው በርከት ብሎ ሸክላው ሩብ የማይሞላ ከሆነ ለምርጊት ጥሩ ነው። እንደ መነሻ ለ3 እጅ አፈር 1 እጅ የጤፍ ጭድ ይገባና በየሁለት ቀኑ እየተረገጠ አንድ ሁለት ሳምንት ይቦካል። መሽተት ሲጀምር አይጣል፤ ጭዱ መብላላቱ ጭቃውን ያጣብቀዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሙከራ ይመረግ። ሲደርቅ ከ2 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋና ጭድ ይጨመር፤ ሲታሽ ዱቄት ከሆነ ሸክላ ይጎድለዋል። የመጀመሪያው ድርብ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሻካራ ይተዋል፤ ሁለተኛው 1 ሴንቲ ሜትር በደቃቅ ጭድ ይመረጋል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ሁለቱም ይላቀቃሉ።

ለውጭው ሽፋን ኖራ ነው ተገቢው። ኖራ የዝናብ ውሃን ወደ ውስጥ ሳያስገባ ያወርዳል፣ እንፋሎት ግን ያሳልፋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይ ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሲዳማ አፈርን ለማከም ለገበሬው የሚቀርበው ኖራ ተፈጭቶ እንጂ ተቃጥሎ የተዘጋጀ ስላልሆነ ግድግዳ ላይ አይጠነክርም። ለቤት የሚሆነው በእሳት ተቃጥሎ በውሃ የተፈታው ነው። ያልተፈታ ኖራ ሲገኝ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስም፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ለሦስት ሳምንት በውሃ ስር ከቆየ በኋላ እንደ ወተት ቀጥኖ በረጠበ ግድግዳ ላይ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ አራት ወይም አምስት ስስ ቅብ ይቀባል። አንድ ወፍራም ቅብ ይላጣል።

ወለሉስ?

በአፈር ወለል ላይ በቀጥታ የሚፈስ ሊሾ የወለሉን እርጥበት ወደ ግድግዳው እግር ይገፋዋል። ሊሾ ካስፈለገ መጀመሪያ አፈርም ደቃቅም ያልገባበት ሻካራ ድንጋይ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በላዩ ፕላስቲክ፣ ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይነጠፍ። በግድግዳው ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ብቻ ይተው። የጣውላ ወለል ያላቸው ቤቶች ደግሞ ከስር የአየር ቀዳዳ አላቸው፤ አብዛኛው ጊዜ በአፈር ተደፍኗልና ይከፈት።

ጣራው ለምን ያንጠባጥባል?

ሁልጊዜ ቆርቆሮው ተበስቶ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከክፍሉ የወጣ እንፋሎት ከስሩ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ በክፈፉ ስር ክፍተት ይተው፤ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወፍራም ነው፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፣ በሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ ይገባበታል።

ለዘመናት በቤቱ ውስጥ ይነድ የነበረው እሳት ጭሱ ወራጆቹን ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር። ምድጃው ከወጣ በኋላ ወራጆቹን በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል።

መታጠቢያ ቤትና ወጥ ቤት የት ይሁኑ?

ከጭቃው ግድግዳ ውጭ። ለእነዚህ ሁለቱ ብሎኬት ትክክለኛ ቦታው ነው፦ በጓሮ በኩል የራሱ መሠረትና የራሱ ጣራ ያለው ትንሽ ክፍል ይሠራና በአጭር መተላለፊያ ይገናኛል። ሁለቱ ሕንፃዎች መሬት ውስጥ የሚሰምጡት እኩል ስላልሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውላቸው እንጂ አይታሰሩ። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቱቦ አይቀበርም፤ ትንሽ ፍሳሽ ሳትታይ ወራት ትቆያለች። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። ማስረጊያ ጉድጓዱ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ።

ኤሌክትሪክና ብርሃን

የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ይበቃል። ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ በግልጽ ይሂድ፤ በጭድና በማገር መካከል የሞቀ ሽቦ እሳት ያስነሳል። የመሬት መስመርም አይዘለል።

አዲስ መስኮት የሚከፈተው በሁለት ቋሚዎች መካከል ነው፤ ከማዕዘን 1 ሜትር ይራቅ። የተቆረጠው ማገር ጫፉ ሁሉ በአዲሱ የመስኮት ክፈፍ ላይ ይቸንከር፣ ካልሆነ ግድግዳው እዚያ ላይ ይከፈታል።

መቼ ይጀመር?

ምርመራው በመስከረም መጨረሻ፣ ውሃው የት እንደገባ ገና ሲታይ። አፈር ማውጣትና ቦይ በጥቅምት፣ ቋሚ በኅዳርና በታኅሣሥ። ጤፍ ተወቅቶ አዲስ ጭድ በሚገኝበት በጥር ምርጊት ይጀመራል፣ ኖራው እስከ ሚያዝያ ያልቃል። አሸንዳው ግን ከግንቦት በፊት የግድ ተሰቅሎ ማለቅ አለበት። ከምርጊቱ አፈር አንድ ሁለት ኩንታል በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ የሚወጡትን ቀጫጭን ስንጥቆች ለመድፈን ከዚያው አፈር የተቦካ ጭቃ ያስፈልጋል፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ከግድግዳው ጋር እኩል አይደርቅም።